የማያነክስ ስፌት

ጋሽ ልኩ ከመሞታቸው በፊት የሌለ ክር በሌለ መርፌ ያስገቡ ነበር። በዓይን ክሊኒኩ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ከቀኝ ዓይናቸው በላይ ግንባራቸው ላይ ክብ ምልክት ተለጥፎባቸው፣ ሁለት ጣታቸውን አጣብቀው አየሩን ሲወጉ ያያቸው ሁሉ ፈገግ አለ። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸውና በሞራ የጠፋ ዓይናቸው ከመብራቱ በፊት የሚለማመዱ መሰለው። ሰው መሳቅ ካማረው ምክንያት አያጣም። ፊታቸው ፍም መምሰሉን፣ ገላቸው እየነደደ አንዲት ጠብታ ላብ አለመውጣቱን ያስተዋለችው የዓይን ጠብታ የምትጨምረው ነርስ ብቻ ነበረች።

«ዶክተር! ኧረ ቶሎ ይምጡ!»

ዶክተሩ ሮጦ ደረሰ። በእጅ ባትሪ ዓይናቸውን አየ፣ ደረታቸውን ተጫነ፣ የሚቻለውን ሁሉ አደረገ። የሽማግሌው ልብ መጀመሪያ ጋለበ፣ ቀጥሎ ተደነቃቀፈ፣ በመጨረሻም ቆመ። ታናሽ ወንድማቸው አስከሬኑ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሚስታቸው ግን ማልቀስም አቃታት፤ የባሏን ጫማ ክር ስትፈታና ስታስር ቆየች።

የምርመራው ውጤት ሲመጣ በሰውየው ደም ውስጥ አትሮፒን ተገኘ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዚያ ክሊኒክ የዓይን ብሌን የሚያሰፉ ጠብታዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ቀለል ያለው ነው፤ ሐኪሙ ሞራውን እንዲያወጣ ብሌኑን ለጥቂት ሰዓት ከፍቶ ይለቃል። ሌላው አትሮፒን የሚባለው ብርቱው ነው፤ ለተቆጣ ዓይን ይታዘዛል፣ ብሌኑንም ከሳምንት በላይ ከፍቶ ያቆያል፣ በአፍ ከገባ ደግሞ አይምርም። የሁለቱም ክዳን ቀይ ነው። በክሊኒኩ ልማድ የሚያሰፋው ሁሉ ቀይ፣ የሚያደነዝዘው ሁሉ ነጭ ነው፤ በጽሑፉ ሳይሆን በክዳኑ ይጠሩታል፣ በክዳኑ ይቀባበሉታል።

ስለዚህ ዶክተሩ ማንም ሳይጠይቀው ፈረደ። «ቀዩን በቀይ ለውጣው ነው» አለ። «ብርቱውን በደካማ ልብ ላይ ደጋግማ ጨመረችበት።»

ይቺን ነርስ እጇን ይዞ ያስተማረው ራሱ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ልጄ ናት፣ በእጄ ያሳደግኋት» የሚላት ራሱ ነው። ክሊኒኩ ስሙ ሊጠፋ መሆኑን ሲያይ ግን ልጅነቷ በአንድ ቀን አለቀ። ፖሊስ ወሰዳት፤ በዋስ ወጣች፤ ክሱም በሚመጣው ሰኞ ሊከፈት ተወሰነ። ከተፈረደባት እስር ቤት ትገባለች፣ ሁለተኛም የሰው ዓይን አትነካም።

መዝገቡ የመጣላት ኢንስፔክተር ወፈር ያለች፣ መነጽሯን በአንገቷ አንጠልጥላ የምትዞር ሴት ናት። ባልደረቦቿ «እትዬ ቀስ-በሉ» ይሏታል፤ ከአፏ የማይጠፋው ቃል እሱ ነውና። ክሱን ለመክፈት የቸኮለው አለቃዋ «ምን የሚያስዘገይ ነገር አለ ደግሞ፣ ያለቀ ነገር እኮ ነው!» ሲላት «እንግዲያው ቀስ በሉ» ብላው ወጣች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ነርሷን ነው። ልጅቷ ዓይኗ አብጦ፣ ድምፅዋ ሰልሎ ነበር።

«እንዴት እንደምታደርጊ አሳዪኝ እስቲ» አለቻት።

«መጀመሪያ ነጩን፣ ማደንዘዣውን አንጠባጥባለሁ። እሱ ካልቀደመ ቀዩ ያቃጥላል። ከዚያ ቀዩን እየቆየሁ እደጋግማለሁ።»

«በሁለቱም ዓይን?»

«ኧረ በሚሠራው ብቻ! ለዚያ አይደል ምልክቱ ግንባራቸው ላይ የሚለጠፈው? እሳቸው በቀኙ ብቻ ነው። ሁለቱም የሚሰፉት መጀመሪያ ለምርመራ ሲመጡ ነው።»

«የቀዩ ጠርሙስስ የት አለ?»

«እሳቸው ላይ አለቀ፤ ጣልሁት። የዚያን ቀን ቆሻሻ ተቃጥሏል።» ነርሷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «የሚያድነኝ እሱ ነበር፤ ተቃጠለ።»

«ከዚያው ጠርሙስ ለሌላ ሰው ጨምረሽ ነበር?»

«አጠገባቸው ለነበሩ አንዲት እማማ። ቀዶ ጥገናቸው ሲሰረዝ ሁላችንንም ሰድበውን ሄዱ።»

«የሚሰድብ ሰው የሰማውን አይረሳም» አለች ኢንስፔክተሯ ፈገግ ብላ። «ጋሽ ልኩስ? ምን ምን ይሉሽ ነበር?»

«ተጫዋች ነበሩ። ገና ነጩን እንኳ ሳልጨምር ‹ልጄ፣ መድኃኒትሽ ሳይገባ መረረኝ› አሉኝ። ጠብታ ከዓይን ወደ ጉሮሮ ስለሚወርድ ሁሉም መረረኝ ይላል፤ እሳቸው ግን ቀደሙ። ሳቅሁ። ሻይ ጠጥተው ጨርሰው ነበር ያኔ።» ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። «ለወንድማቸውም መልእክት ሰጥተውኝ ነበር። ሳላደርሰው ግርግሩ መጣ።»

መልእክቱን ነገረቻት። ኢንስፔክተሯ መነጽሯን አንስታ ሳያስፈልጋት ጠረገችው።

«ይሄን ለማንም እንዳትነግሪ» አለች። «ጊዜ አለው።»

ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ የሆዷን አወጣችው። «እኔን የሚያቃጥለኝ ክሱ አይደለም እትዬ። ዶክተር አንድ ጊዜ እንኳ ‹እንዴት ሆነ?› ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት? እንደ አባቴ ነበር የማየው።»

ኢንስፔክተሯ መሐረቧን አቀበለቻት። ለእንዲህ ያለው መልስ ያለው ሰው ካለ ይምጣና እንየው።

ዶክተሩን ቢሮው ውስጥ አገኘችው። ነጭ ጋዋኑ እንደ አዲስ ወረቀት ተተኩሷል።

«ባትሪ ሲያበሩባቸው ምን አዩ ዶክተር?»

«ብሌናቸው እስከ ዳር ተከፍቷል፤ ሞራው ነጭ ክብ ሆኖ ይታያል። ሁለቱም ለብርሃን አይጠቡም።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«ያኔ በሕይወት ነበሩ?»

«ይለፈልፉ ነበር እኮ! ክር አቀብሉኝ ይላሉ።» ሰዓቱን አየ። «ሌላ ጥያቄ አለ?»

«ቀዶ ጥገና ላለበት ሰው ሻይ ይፈቀዳል?»

«በእኛ ዘንድ የሚደነዝዘው ዓይን ብቻ ነው፤ ራሳቸውን አይስቱም። ቁርሳቸውን በልተው ይመጣሉ።»

አመስግናው ወጣች። በገዛ አፉ የተናገረውን በገዛ ጆሮው የማይሰማ ሰው ሞልቷል፤ የተማረ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

የጋሽ ልኩ ሚስት ጉልበቷ ታማ ከቤት የማትወጣ ሴት ናት። ለዚያ ቀን ብቻ «ዓይኑ ሲበራ ልይ» ብላ በታክሲ ተጭና ሄዳለች። ጥቁር ሻሽ አስራ የባሏን ኮት በጭኗ ይዛ ነው ኢንስፔክተሯን የተቀበለቻት።

«ራሱ የሰፋው ነው» አለች ኮቱን እያሻሸች። «ዓይኑ ሳይጠፋ፣ በዚያችው በድሮ የስፌት መኪናው። ንኪው እስቲ፤ የሆነ ቦታ ላይ ስፌቱ ረዘም ይላል፣ አየሽ? ‹መኪናዬ ታነክሳለች› ይል ነበር። ቢያሠራትም አልድን አለች፤ በኋላ ወደዳት። ከሺህ ልብስ መሃል የእሷን ሥራ ዳስሶ ይለያል።»

ኢንስፔክተሯ ጣቷን በስፌቱ ላይ አስኬደች። እውነትም ያነክሳል።

«መኪናዋ አሁን የት አለች?»

«ሱቅ ናታ! ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ሱቁን የያዘለት ታናሹ ነው። ‹ጋሼ፣ ስምህ ታፔላው ላይ ነው፤ መኪናህንም ሸፍኜ አስቀምጬልሃለሁ፤ እስክትመለስ ማንም አይነካትም› ይለዋል። የተሰፋ ልብስ እያመጣ ያስዳስሰው ነበር። አንድ ቀን ግን ሱሪ አመጣለትና ‹በመኪናህ የሰፋሁት ነው› አለው። እሱ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። ታናሹ ሲሄድ ‹ይሄ ስፌት አያነክስም› አለኝ። ‹ተሠርታ ይሆናላ› አልኩት። ከዚያ ወዲያ ስለ መኪናዋ አንስቶ አያውቅም።»

«ሱቁን አንቺስ አይተሽዋል?»

«በየትኛው ጉልበቴ?»

ኢንስፔክተሯ ስለ ሻዩ ጠየቀች። ፔርሙዙን የያዘው ታናሽየው ነበር፤ ለሦስቱም የቀዳውም እሱ ነው። ሁሉም ጠጥተዋል። ጋሽ ልኩ ግን የሚጠጡት በራሳቸው ኩባያ ነው፤ በመዳሰስ የሚያውቁት፣ ጆሮው የተጣመመ የቆርቆሮ ኩባያ። ሻዩ እንደተጠጣ ታናሽየው ኩባያውን ሊያጥብ ብሎ ሄዶ ቆይቷል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ዓይንሽን ታመሽ ታውቂያለሽ?»

«አምና ተቆጥቶብኝ ነበር። ያንን ቀይ ክዳን ያለውን ብርቱ ጠብታ አዘዙልኝ፤ ‹ከአፍ አርቁት› ብለው አስፈራርተውን ነበር። ያመጣልኝ የነበረው ታናሹ ነው። ከዳንኩ በኋላም ‹ድንገት ቢነሳብሽ› ብሎ ጨምሮ ገዛ። የት እንዳስቀመጠው እንጃ። ምነው?»

«እንዲያው ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። ሴትየዋ ግን ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ። ኮቱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

የሱቁ ታፔላ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ታናሽየው ስሙን በትልልቅ ፊደል አስጽፎበታል፤ ከሥሩ ግን የአሮጌው ስም ጫፍ ጫፉ እንደ ድሮ ጠባሳ ይታያል። ውስጡ ሁሉ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ፀሐዩ ደምቆ ሳለ መጋረጃው ተዘግቷል።

ታናሽየው መልከ መልካም፣ ቃሉ ማር የሆነ ሰው ነው። «ጋሼ አባቴ ነበር» አለ ገና ከመቀመጧ። «ያሳደገኝ እሱ ነው፤ መቀስ አያያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። ያቺ ነርስ ገደለችብኝ።»

«የድሮ መኪናቸው የት አለች?»

«መጋዘን ገብታለች፤ አርጅታ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ እንደ ዋዛ የጃኬቷን ቁልፍ ስባ በጠሰችው። «ወይኔ! ይህቺን ስፋልኝ ብልህ ምን ትለኛለህ?»

«ምን ችግር አለ፣ አምጪው።»

ክሩን አነሳ፣ መርፌውን ያዘ። አቀረበው፤ አራቀው። ክሩ በመርፌው በስተግራ አለፈ። እንደገና ሞከረ፤ በስተቀኝ አለፈ። ክንዱን እስከ ጫፉ ዘረጋ። በመጨረሻ ግራ ዓይኑን ጨፈነና በአንድ ጊዜ አስገባው።

«ሐዘን ዓይን ያደክማል» አለ ሳቅ ብሎ።

«ልክ ነህ፣ ያደክማል» አለች።

ነገሩን ጨርሳ የሰበሰበቻቸው እዚያው ኮሪደር፣ እዚያው አግዳሚ ወንበር አጠገብ ነው። ዶክተሩ ቆሟል። ነርሷ ከእሱ ርቃ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። የጋሽ ልኩ ሚስት ኮቱን ይዛለች፤ ታናሽየው ከጎኗ ሆኖ ትከሻዋን ያሻሻል። ከጫፍ ያቺ ተሳዳቢዋ እማማ ከዘራቸውን ተደግፈው ያጉረመርማሉ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ናቸው።

«እንግዲህ ቀስ በሉና ስሙኝ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ጋሽ ልኩን የገደለው ብርቱው ጠብታ ነው። ይሄ አያከራክርም። ጥያቄው በየት ገባ የሚለው ነው። ዶክተር በዓይን ገባ ብለዋል።»

«አሁንም እላለሁ» አለ ዶክተሩ።

«ነርሷ የጨመረችው በየትኛው ዓይን ነው?»

«በቀኙ።»

«የሰፋው ብሌንስ?»

«ሁለቱ—» ዶክተሩ ቃሉን አልጨረሰውም። እጁ በአየር ላይ ቀረ።

«በቀኝ ዓይን የተጨመረ ጠብታ የግራውን እስከ ዳር ይከፍታል?»

«አይከፍትም» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «መድኃኒቱ በብዛት በደም ካልደረሰው በቀር… በአፍ ካልገባ በቀር አይከፍትም።»

«እኔም እንደዚያ አሰብኩ። እማማ፣ ጋሽ ልኩ ለነርሷ ምን ሲሉ ሰሙ?»

«‹መድኃኒትሽ ሳይገባ መረረኝ› ነዋ! ጆሮዬ ደህና ነው፤ የጠፋው ዓይኔ ነው» አሉ አሮጊቷ።

«ስለዚህ ምሬቱ ከጠብታው ቀድሞ መጥቷል። ከጠብታው በፊት የጠጡት ደግሞ ሻይ ብቻ ነው። ፔርሙዙ ንጹሕ ነው፤ ሦስቱም ጠጥተዋል። የቀረው የእሳቸው ኩባያ ነው። ኩባያው ግን ወዲያው ታጥቧል።» ወደ ታናሽየው ዞረች። «አጣቢው አንተ ነህ።»

«ኩባያ ማጠብ ወንጀል ሆነ እንዴ?» አለ ታናሽየው። «እትዬ፣ ትሰሚያለሽ የምትለውን?»

የወንድሙ ሚስት ቀና ብላም አላየችው።

«አልሆነም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ዶክተር፣ እስቲ ባትሪዎን ያምጡና የዚህን ሰው ዓይን ይዩልኝ።»

ታናሽየው ወደ ኋላ አለ። አንደኛው ፖሊስ ትከሻውን ያዘው። ዶክተሩ ብርሃኑን በቀኙ አበራ፤ ብሌኑ እንደ ደንቡ ጠበበ። በግራው አበራ። ሰፊ፣ ጥቁር፣ የማይንቀሳቀስ።

«ይሄ አትሮፒን ነው» አለ ዶክተሩ።

«ይሆናል!» አለ ታናሽየው፤ ማሩ ከቃሉ ላይ ተሟጦ ነበር። «የጋሼን ፊት ጠርጌያለሁ፣ የራሴንም እንባ ጠርጌያለሁ! እሷ የጨመረችበት ነው በእጄ የመጣው!»

«ጥሩ ተከራከርክ። እኔም እንደዚያ ትል ይሆናል ብዬ ነው እማማን ያስቸገርኳቸው። ጠርሙሱ ቢቃጠልም እማማ አልተቃጠሉም። እማማ፣ ከዚያው ጠርሙስ የተጨመረልዎት ዓይን መቼ ተመለሰ?»

«ማታውኑ ብርሃን መውጋቱን ተወኝ። በማግስቱ እንደ ድሮው ሆነ፤ እንደ ድሮው አያይም ማለቴ ነው!»

ዶክተሩ ወደ አሮጊቷ ሄዶ አየ። «ብርቱው ቢሆን ኖሮ ዛሬም ክፍት ነበር» አለ። «ነርሷ የጨመረችው ትክክለኛውን ነው።»

«እንግዲያው ብርቱው የነካው ሁለት ሰው ብቻ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «አንዱ ጠጣው። ሌላው በጣቱ እየጨመቀ ኩባያ ውስጥ አንቆረቆረው፤ ኩባያውን ካጠበ በኋላም የረጠበውን ጠርሙስ ሲሸሽግ ነካው፤ ሲያለቅስ በዚያው ጣት ዓይኑን ጠረገ። እንባህ የውሸት ነበር አልልህም፤ እውነተኛ ይመስለኛል። ያጋለጠህም እሱ ነው። ስህተትህን ልንገርህ? ወንድምህን ለምርመራ ስታመጣ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሲያሰፉ አየህ። በቀዶ ጥገናውም ቀን ሁለቱንም የሚያሰፉ መሰለህ። እዚህ ሁሉም ሰው ብሌኑ ሰፊ ነው፣ ሁሉም መረረኝ ይላል፣ ክዳኑም ሁሉ ቀይ ነው፤ ማን ይለየዋል አልክ። አንዲት ነርስ ዕድሜዋን እስር ቤት ብትጨርስ ላንተ ምንህ ነው?»

ታናሽየው ዓይኑን ወደ በሩ ሰረቀ።

«ምክንያቱን ደግሞ ታፔላው ላይ አየሁት። ስማቸውን ፍቀህ ስምህን ጻፍክበት። መኪናዋን ሸጥካት፤ የገዛው ሰው ነግሮኛል። ማየት እስከተሳናቸው ድረስ ሱቃቸው በምላስህ ላይ ይኖር ነበር። ዓይናቸው ከበራ ግን ከክሊኒኩ ወጥተው መጀመሪያ የሚሄዱት ወደዚያው ነው።»

ታናሽየው አግዳሚው ላይ ዘጭ አለ፤ ወንድሙ በተቀመጠበት ቦታ። «ምን ላድርግ?» አለ። «በምን ፊቴ ልየው? ያሳደገኝን ሰው… እንደዚያ ሆኜ ሲያየኝ መቋቋም አልችልም ነበር። የፈራሁት ዓይኑን ነው፤ ዓይኑን ብቻ!»

የጋሽ ልኩ ሚስት ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። «በእጁ ይመራው ነበር» አለች ለማንም ሳይሆን። «ደረጃ አለ ጋሼ፣ ቀስ በል ጋሼ እያለ በእጁ ይመራው ነበር።»

ዶክተሩ ወደ ነርሷ ሄደ። «ልጄ…» ብሎ ጀመረ።

«ሲስተር ይበሉኝ» አለችው። እሱም መሬት መሬት እያየ ተመለሰ።

«አሁን መልእክቱን አድርሺ» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

ነርሷ ተነስታ ታናሽየው ፊት ቆመች። ጠብታ ልትጨምርለት የቆመች ነበር የምትመስለው። «ጋሽ ልኩ የመጨረሻውን ስጨምርላቸው እጄን ያዙኝ። እንዲህ አሉኝ፤ ‹ለወንድሜ ንገሪልኝ። ዓይኔ ሲበራ እንዳይሸሸኝ። የሚያፍርበትን ነገር ካወቅሁ ቆየሁ፤ ጣቴ ነግሮኛል። ትቼለታለሁ፣ ሱቁም የእሱ ይሁን። እኔ ማየት የናፈቀኝ ፊቱን ብቻ ነው› አሉ።»

ታናሽየው ቀና አለ። አንዱ ብሌኑ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ሆኖ አፈጠጠባት።

«ለምን… ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም?»

«ፈልጌዎት ነበር» አለች ነርሷ። «ኩባያ ሊያጥቡ ሄደዋል አሉኝ።»